የኢንሹራንስ ሽፋን ማጣሪያ ፋይሎችን በፕሮግራም ስለ ማንበብ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ የቢሊንግ ሠራተኛ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ፓይተን ስለ ተማርሁ፣ በማግስቱ ቀጠሮ ያላቸውን ሕመምተኞች ኢንሹራንስ ማታ ማታ የሚያጣራ ፕሮግራም ጽፌ እንጠቀምበታለን። ፕሮግራሙ ከክሊሪንግሃውሱ (በሐኪም ቤቱና በኢንሹራንሶች መካከል መልእክት ከሚያስተላልፈው ድርጅት) የሚመጣውን «271» የተባለ ፋይል «~» በሚለው ምልክት እየቆራረጠ፣ «ኢቢ*1» ብሎ የሚጀምር መስመር ሲያገኝ «ሽፋን አለው» ብሎ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ሽፋን አላቸው ከተባሉት አንዳንዶቹ፣ ሕክምናው ካለቀ ከሳምንታት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ቢል ይዘው ይመለሳሉ። ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ስለሆኑ ማስረዳቱ ራሱ ይከብደኛል። ይህን ፋይል በትክክል የሚያነብ ነጻ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የፕሮግራም ኮድ) አለ ወይ? ካለስ ችግሬን ይፈታልኛል?

መልስ፦ ላይብረሪው አለ፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ አለ። ችግርዎን የሚፈታው ግን በከፊል ነው። ፋይሉን ሳያበላሹ ማንበብ አንድ ሥራ ሲሆን፣ ፋይሉ የያዘውን ተረድቶ ለእንግዳ ተቀባይዋና ለሕመምተኛው በሚገባ መንገድ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ላይብረሪው ይሠራልዎታል፤ ሁለተኛው የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ሕመምተኞችዎን ላልጠበቁት ክፍያ የዳረጋቸውም የዚህ የሁለተኛው መጓደል ይመስለኛል።

ጉዳዩ አዲስ ለሆነባቸው አንባቢዎች ከመነሻው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ በሰፊው የሚታወቀው የሕመምተኛን ምስጢር በማስጠበቁ ነው፤ ነገር ግን ይኸው ሕግ ሐኪም ቤቶችና የጤና ኢንሹራንሶች በኤሌክትሮኒክስ የሚለዋወጧቸው ዋና ዋና መልእክቶች አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዲይዙም ያዛል። ቅርጹን የሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው ኤክስ12 የተባለው የደረጃዎች ኮሚቴ ነው። ሐኪም ቤቱ ስለ አንድ ሰው ሽፋን የሚጠይቅበት መልእክት 270፣ ኢንሹራንሱ የሚመልስበት ደግሞ 271 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። አሁን የሚሠራበት እትም 5010 የሚባለው ሲሆን፣ ግዴታ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2012 ጀምሮ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ብዙዎቻችን ኦባማኬር የምንለው የ2010 ሕግ ተጨማሪ የአሠራር ደንቦች እንዲወጡ ስላዘዘ፣ ከ2013 መጀመሪያ ወዲህ ኢንሹራንሶች በቅጽበት ለሚቀርብላቸው ጥያቄ በ20 ሴኮንድ ውስጥ መልስ መስጠትና፣ ሽፋኑ መኖሩን ከመናገር አልፈው ሕመምተኛው ከኪሱ የሚከፍለውን ድርሻ መግለጽ ይጠበቅባቸዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእርስዎ ጥያቄ ወሳኝ ነው። የሚያስፈልግዎት መረጃ በአብዛኛው እጅዎ ላይ ባለው ፋይል ውስጥ አለ፤ ፕሮግራምዎ ግን ሳያነብበው ያልፈዋል።

በፕሮግራምዎ ውስጥ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት «~» የሚለው ምልክት ነው። ይህ ምልክት የተለመደ እንጂ የታዘዘ አይደለም፤ ላኪው ሌላ ምልክት መምረጥ ይችላል፤ አንዳንዱም ከምልክቱ ቀጥሎ አዲስ መስመር ይጀምራል። የትኛው ምልክት እንደ ተመረጠ የሚታወቀው ፋይሉ ከሚከፈትበት አይኤስኤ ከተባለው ሴግመንት (የፋይሉ አንድ መስመር) ነው። የዚህ ሴግመንት ርዝመት ምን ጊዜም 106 ፊደል ነው፤ 4ኛው ፊደል ኤለመንቶችን፣ ማለትም በሴግመንቱ ውስጥ ያሉትን የመረጃ ክፍሎች፣ የሚለየው ምልክት፣ 83ኛው በአንድ ኤለመንት ውስጥ የተደጋገሙ ኮዶችን የሚለየው፣ 105ኛው ንዑስ ክፍሎችን የሚለየው፣ 106ኛው ደግሞ ሴግመንቱ ማለቁን የሚያሳየው ነው። በሚገባ የተጻፈ ላይብረሪ ምልክቶቹን ከዚህ ቦታ አንብቦ ይነሣል፤ በእጅ የተጻፉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ግን አንድ ቀን ክሊሪንግሃውሱ ምልክት ሲቀይር ባዶ መልስ ይሰጣሉ፤ ባዶ መልስ ደግሞ «ኢንሹራንስ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል።

በፓይተን ለሚሠራ ሰው ሁለት ላይብረሪዎችን መጥቀስ እችላለሁ። አንደኛው ፓይኤክስ12 ነው፤ የየመልእክቱን ሕግ በኤክስኤምኤል ካርታዎች ይዞ ፋይሉ ደንቡን መከተሉን ያረጋግጣል፤ ፋይሉንም ወደ ኤክስኤምኤል ይለውጣል። ሁለተኛው ሊነክስ ፎር ሄልዝ ኤክስ12 የተባለው ሲሆን፣ ፓይዳንቲክ በሚባለው የፓይተን መሣሪያ ላይ ተመሥርቶ እያንዳንዱን ሴግመንትና ሉፕ (የተያያዙ ሴግመንቶች ቡድን) የራሱ ስምና ዓይነት ያለው ዕቃ አድርጎ ይሰጥዎታል፤ 270ንና 271ን በ5010 እትም ያነባል፤ ፈቃዱም አፓቼ 2.0 ስለሆነ በክሊኒክዎ ውስጥ ቢጠቀሙበት የሚጠይቅዎ የለም። ለእርስዎ ሥራ እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ መስመር ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚያሳየውን ተዋረድ ጠብቆ ስለሚያስቀምጥ ነው። የቱንም ቢመርጡ የመጨረሻው እትም መቼ እንደ ወጣ፣ ለተጠቃሚዎች ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖሩንና ከእርስዎ የፓይተን እትም ጋር መስማማቱን አስቀድመው ጊትሃብ ላይ ይመልከቱ።

ስለ ተዋረዱ ትንሽ ልቆይበት፤ ማታ ማታ የብዙ ሰዎችን መልስ በአንድ ፋይል ለሚቀበል ክሊኒክ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነውና። በ271 ውስጥ ኤችኤል የተባለው ሴግመንት ደረጃን ያመለክታል፦ 20 ኢንሹራንሱን፣ 21 ጠያቂውን ሐኪም ቤት፣ 22 የኢንሹራንሱን ባለቤት፣ 23 በእርሱ ሥር ያለውን የቤተሰብ አባል። ኢቢ የሚባሉት የጥቅም መስመሮች ራሳቸው የማንንም ስም አይዙም፤ የማን እንደ ሆኑ የሚታወቀው ከየትኛው ኤችኤል ሥር እንደ ተቀመጡ በማየት ብቻ ነው። ፋይሉን በመስመር በመስመር ቆራርጦ «ኢቢ*1» የሚፈልግ ፕሮግራም የእናትን ሽፋን ለልጅ፣ የአንዱንም ሕመምተኛ ለሌላው ሊሰጥ ይችላል። መልሱን ከጥያቄው ጋር ለማገናኘትም በቅደም ተከተል አይተማመኑ፤ 270ውን ሲልኩ በቲአርኤን ሴግመንት ያስቀመጡት መከታተያ ቁጥር በመልሱ ውስጥ ይመለስልዎታልና በእርሱ ያገናኙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለማሳያ ያህል ያዘጋጀሁትን የአንድ ሕመምተኛ መልስ፣ ፊደሎቹን በስማቸው ጽፌ፣ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ፦

ኢቢ*1**30~
ኢቢ*ሲ*አይኤንዲ*30***23*1500*****ዋይ~
ኢቢ*ሲ*አይኤንዲ*30***29*640*****ዋይ~
ኢቢ*ሲ*አይኤንዲ*30***23*4000*****ኤን~
ኢቢ*ቢ*አይኤንዲ*98***27*35*****ዋይ~
ኢቢ*ኤ*አይኤንዲ*30*****.2****ዋይ~

የመጀመሪያው መስመር የእርስዎ ፕሮግራም የሚፈልገው ነው፤ 1 ማለት ሽፋኑ በሥራ ላይ ነው ማለት ሲሆን፣ 30 ደግሞ ስለ ጤና ፕላኑ በጠቅላላው መሆኑን ይናገራል። ከዚህ አልፎ የሚናገረው ነገር የለም። ሁለተኛው መስመር በሲ ይጀምራል፤ ሲ ዲደክተብል፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ከኪሱ የሚከፍለው መጠን ነው፤ አይኤንዲ የግለሰቡን እንጂ የቤተሰቡን አለመሆኑን፣ 23 የዘመን አቆጣጠር ዓመቱን፣ የመጨረሻው ዋይ ደግሞ በኔትወርኩ ውስጥ ላለ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ለተዋዋለ ሐኪም መሆኑን ያሳያል፤ ስለዚህ የዓመቱ ዲደክተብል 1,500 ዶላር ነው። ሦስተኛው መስመር ከሁለተኛው የሚለየው 23 በሚለው ቦታ 29 በመግባቱ ነው፤ 29 «ቀሪ» ማለት ነውና ይህ ሰው እስካሁን 860 ዶላር ከፍሎ ገና 640 ዶላር ይቀረዋል። አራተኛው በኤን ስለሚያልቅ ከኔትወርክ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና የሚሠራ ነው፤ መጠኑም 4,000 ዶላር ነው። አምስተኛው ለሐኪም ቢሮ ጉብኝት፣ ማለትም ለ98፣ በእያንዳንዱ ጉብኝት የሚከፈል 35 ዶላር ኮፔይ ነው። ስድስተኛው ኮኢንሹራንስ ሲሆን .2 ማለት 20 በመቶ ነው፤ ይህም ሕመምተኛው የሚከፍለው ድርሻ እንጂ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና ልብ ይበሉ።

ይህ ሰው በኔትወርኩ ውስጥ ባለ ሐኪም ዘንድ ዲደክተብል የሚመለከተውን ምርመራ አደረገ፣ ኢንሹራንሱም ለምርመራው የተስማማበት ዋጋ 900 ዶላር ነው እንበል። ከ900ው 640ው ቀሪው ዲደክተብል ስለሆነ በሙሉ ከኪሱ ይወጣል፤ ከተረፈው 260 ዶላር ላይ ደግሞ 20 በመቶው፣ ማለትም 52 ዶላር፣ የእርሱ ነው። ድምሩ 692 ዶላር ይሆናል። ፕሮግራምዎ «ሽፋን አለው» ያለው ትክክል ነበር፤ ሰውዬው 692 ዶላር መጠየቁም ትክክል ነው። ሁለቱ የማይጋጩ መሆናቸውን ሕመምተኛው ሊያውቅ የሚገባው ከምርመራው በፊት ነው፤ ቁጥሮቹም ከዋዜማው ጀምሮ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራምዎ አንድ ቃል ብቻ መመለሱን ይተው። ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሽፋኑን ሁኔታና ቀኖቹን፣ የዓመቱንና ቀሪውን ዲደክተብል፣ ኮፔዩን፣ ኮኢንሹራንሱን፣ የእያንዳንዱንም የኔትወርክ ሁኔታ ለይቶ በሠንጠረዥ ያውጣ። ሁለት መጠኖች ሲገኙ ትልቁን ወይም መጀመሪያ የተገኘውን መምረጥ አይገባም፤ ከላይ እንዳየነው 1,500ውና 4,000ው የሚለዩት በመስመሩ መጨረሻ ባለች አንዲት ፊደል ነው። በ11ኛው ኤለመንት ዋይ ካለ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ስለሆነ ለብቻው ጎልቶ ይታይ። መስመሩ በአይ ከጀመረ ያ አገልግሎት ጭራሽ አይሸፈንም ማለት ነው፤ በላዩ ላይ ያለው «ኢቢ*1» ይህን አይሽረውም። የአገልግሎት ኮዱ በሚቀመጥበት በ3ኛው ኤለመንት ውስጥም «30^86^98» ዓይነት ነገር ቢያገኙ፣ ሦስት ኮዶች በመደጋገሚያ ምልክት ተያይዘው ነውና እያንዳንዱን ለይተው ይያዙት። የገንዘብ መጠኖችን በፓይተን ዴሲማል እንጂ በፍሎት አይቁጠሩ።

ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ላለው ሕመምተኛ አንድ ነገር ልጨምር። የግዛቱ መልስ ሰውዬው በሥራ ላይ ያለ ሽፋን እንዳለው ተናግሮ፣ ሽፋኑን የሚያስተዳድረው ግን ሌላ የማኔጅድ ኬር ድርጅት መሆኑን ከኢቢው በታች በኤልኤስና በኤልኢ ሴግመንቶች መካከል ባለው 2120 በተባለው ሉፕ ውስጥ ያስቀምጣል። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጥ የመንግሥት ኢንሹራንስ) ያላቸውም ሰዎች የግል ኢንሹራንሶች ወደሚያስተዳድሩት ሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላን ከገቡ፣ ይህ የሚታወቀው በአር ከሚጀምረው ኢቢና ከሥሩ ካለው ሉፕ ነው። ይህን ሉፕ የማያነብ ፕሮግራም ክሌሙን (ለኢንሹራንሱ የሚላከውን የክፍያ ጥያቄ) ወደ ተሳሳተ ቦታ ያስልካል። ክሌሙ ተመልሶ እስኪመጣ ጊዜ ያልፋል፤ የማስገቢያው ቀነ ገደብም አይጠብቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀረኛል። ደንቡን አጥብቀው የሚመረምሩ ላይብረሪዎች አንድ የተሳሳተ ሴግመንት ሲያገኙ መልሱን በሙሉ ሊጥሉት ይችላሉ፤ ከኢንሹራንሶች የሚመጡት ፋይሎች ደግሞ ሁልጊዜ ደንብ የጠበቁ አይደሉም። ሊነክስ ፎር ሄልዝ ኤክስ12 ሁለት የማንበቢያ መንገዶች አሉት፤ አንዱ ሞዴሉን በሙሉ የሚያረጋግጥ፣ ሌላው ሴግመንቶቹን ብቻ እየለየ የሚሰጥ። የመጀመሪያው እምቢ ሲል በሁለተኛው አንብበው መልሱ በሰው እንዲታይ ወደ ጎን ያስቀምጡት እንጂ፣ ያልተነበበውን እንደሌለ አይቁጠሩ። የመጣውንም ጥሬ ፋይል አመሳጥረው ያኑሩ፤ ሕመምተኛው «ያኔ ምን ተባለልኝ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሱት ከዚያ ነው። የኤክስ12 የአፈጻጸም መመሪያ በክፍያ የሚገኝ ቢሆንም፣ አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች የየራሳቸውን ተጓዳኝ መመሪያ በነጻ ስለሚያወጡ፣ ብዙ ሕመምተኛ ያለብዎትን የሁለቱን ወይም የሦስቱን መመሪያ ቢያነቡ ድካምዎ ይቀልልዎታል።

ጥያቄ፦ በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ፣ በጥርስ ሕክምና ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ። የሐበሻ ሕመምተኞችን ኢንሹራንስ ሳጣራ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ «አልተገኘም» የሚል መልስ ይመጣብኛል፤ ካርዳቸውን ግን በእጃቸው ይዘውት ቆመዋል። ሶፍትዌሩ ነው ወይስ እኔ ነኝ ያጠፋሁት?

መልስ፦ እህቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለታችሁም አይደለም። ኢንሹራንሱ ሰውን የሚፈልገው በአባልነት ቁጥር፣ በስም፣ በላስት ኔምና በልደት ቀን ነው። የእኛ ስም ደግሞ ፈርስት ኔምና ላስት ኔም ተብሎ እንዲከፈል ሆኖ የተሠራ አይደለም። አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም ላስት ኔም ሆኖ ሲገባ፣ ሌላው ላይ የአባት ስም መካከል ገብቶ የአያት ስም ላስት ኔም ይሆናል። ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ የመሳሰሉት አንድ ቦታ ተያይዘው፣ አንድ ቦታ በጭረት፣ አንድ ቦታ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ተለያይተው ሲጻፉም «ወልደ» የምትለዋ ብቻዋን ስም ሆና ትቀራለች። ፀሐይ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በቲ፣ በቲኤስ ወይም በኤስ ሊጀምር ይችላል። ከዚህም በላይ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም፤ ልጅም ላስት ኔሙ የአባቱ መጠሪያ ስም ነው። ስለዚህ በአንድ የቤተሰብ ኢንሹራንስ ሥር ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያዩ ላስት ኔም ይዘው ይገኛሉ። የቤተሰቡ አባላት ሁሉ የባለቤቱን ላስት ኔም ይይዛሉ ብሎ የሚሞላ ሶፍትዌር ካለዎት፣ ለሐበሻ ቤተሰብ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ይህንን ለሶፍትዌሩ አቅራቢ በጽሑፍ ያሳውቁ።

የልደት ቀንም ሌላው ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል እንደ ወሩ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ፣ አንዱ ሰነድ ላይ ሳይቀየር ወይም በስሕተት ተቀይሮ የገባ ቀን ከኢንሹራንሱ መዝገብ ጋር አይገጥምም።

መልሱ ለምን እንዳልተገኘ ኤኤኤ በተባለው ሴግመንት ውስጥ በቁጥር ይነገራል፤ ብዙ ሶፍትዌሮች ግን ቁጥሩን ሸሽገው «አልተገኘም» ብቻ ያሳያሉ። እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ እንደ ቁጥሩ መፍትሔው ይለያያልና። 71 የልደት ቀኑ ከመዝገቡ ጋር አልገጠመም፣ 72 የአባልነት ቁጥሩ ትክክል አይደለም ወይም ጎድሏል፣ 73 ስሙ ትክክል አይደለም ወይም ጎድሏል፣ 75 ሰውዬው በመዝገቡ አልተገኘም ማለት ነው። 43 ካዩ ችግሩ የሐኪም ቤታችሁ መለያ ቁጥር ነውና ሕመምተኛውን አያስጨንቁት። 42 ደግሞ ኢንሹራንሱ ለጊዜው መመለስ አልቻለም ማለት ብቻ ነው፤ ቆይተው ይጠይቁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትመጣው ፊደልም ታግዛለች፦ ሲ ከሆነች አርመው እንደገና ይላኩ፣ ኤን ከሆነች ደግሞ እንደገና መላክ አይፈቀድም።

የአሠራር ደንቦቹ ኢንሹራንሶች ላስት ኔምን ሲያመሳክሩ እንደ ጭረት ያሉ ምልክቶችንና እንደ «ጁኒየር» ያሉ ቅጥያዎችን አስወግደው እንዲያነጻጽሩ ያዛሉ። ይህ ለጭረቱ ይረዳል፤ በተለያየ የላቲን አጻጻፍ ለመጣ ስም ግን ምንም አያደርግም። ኢንሹራንሱ የላኩለትን መረጃ አርሞ ሲመልስ በአይኤንኤስ ሴግመንት ውስጥ 001 እና 25 የሚሉ ኮዶችን ያስቀምጣል። ይህን ካዩ በመዝገብዎ ያለውን ስም ኢንሹራንሱ በመለሰው አጻጻፍ ያስተካክሉት፤ ክሌሙም በዚያው አጻጻፍ ይላክ።

ፕሮግራም ለሚጽፉ አንባቢዎች ከዚህ የሚከተለው ይህ ነው፦ ውጤቱ ከሁለት ይልቅ ሦስት መልክ ይኑረው። «ኢቢ*1» ሽፋኑ በሥራ ላይ ነው፣ «ኢቢ*6» ሽፋኑ ተቋርጧል፣ ኤኤኤ ግን ገና አልታወቀም ማለት ነው። ኤኤኤን «ኢንሹራንስ የለውም» ብሎ መመዝገብ ኢንሹራንስ ያለውን ሰው ከበር መመለስ ነው። ኤኤኤ የተቀመጠበትም ደረጃ ይያዝ፤ በ21 ሥር ከሆነ ስሕተቱ የጠያቂው፣ በ22 ወይም በ23 ሥር ከሆነ ደግሞ ከሕመምተኛው መረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ለእርስዎ ለእንግዳ ተቀባይዋ ግን ምክሬ ቀላል ነው፤ ስሙን ከሕመምተኛው አፍ ሰምተው አይጻፉት፤ ካርዱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይቅዱት፤ የካርዱንም ሁለት ገጽ ኮፒ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሆኜ ለአንድ የአሜሪካ የቢሊንግ ድርጅት በርቀት ፕሮግራም እጽፋለሁ። አንድ 271 ፋይል ላይብረሪው አላነብ ሲለኝ በኢንተርኔት ላይ ባለ ነጻ የማንበቢያ ገጽ ወይም በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቻትቦት ላይ ለጥፌ ባየው ምን ችግር አለው? ስሙን ብቻ ባጠፋስ?

መልስ፦ አያድርጉት፤ ስሙን ብቻ ማጥፋትም አይበቃም። በሂፓ ደንብ መሠረት መረጃው የማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ ለማድረግ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ 18 ዓይነት መለያዎችን ማስወገድ ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ የአባልነት ቁጥር፣ አድራሻ፣ የልደት ቀንና ከዓመቱ በስተቀር ሌሎችም ሕመምተኛውን የሚመለከቱ ቀኖች ይገኛሉ። በ271 ውስጥ እነዚህ በኤንኤም1፣ በኤን3፣ በኤን4፣ በዲኤምጂ፣ በአርኢኤፍ፣ በዲቲፒና በቲአርኤን ተበትነው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴም ኤምኤስጂ በተባለው ነጻ ጽሑፍ ውስጥ ይገባሉ። ድርጅትዎ ውል ያልተዋዋለው አገልግሎት ላይ ይህን መለጠፍ የሰዎችን የሕክምና ምስጢር ለማይታወቅ አካል ማስረከብ ነው።

ከዚህም አስቀድሞ መጠየቅ ያለብዎት ሌላ ነገር አለ። ሂፓ ራሱ መረጃው ከአሜሪካ ውጭ እንዳይታይ አይከለክልም፤ ነገር ግን አንዳንድ ግዛቶች የሜዲኬይድ መረጃ ከአገር እንዳይወጣ በውል ይከለክላሉ፤ የኢንሹራንስ ድርጅቶችም ተመሳሳይ ግዴታ ሊጥሉ ይችላሉ። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው እውነተኛ ፋይል ማየት የሚፈቀድልዎት መሆኑን ከአሠሪዎ በጽሑፍ ያግኙ።

ሥራው ግን በሐሰተኛ ፋይል በሚገባ ይሠራል። ኤክስ12 በድረ ገጹ ላይ የ270ና የ271 ምሳሌዎችን አውጥቷል፤ ከእነርሱ ይነሡና ያስቸገረዎትን የሴግመንት ቅደም ተከተል ብቻ በፈጠራ ስምና ቁጥር እንደ ገና ይጻፉት። ይህን ሲያደርጉ የአይኤስኤ ሴግመንት 106 ፊደልነቱ እንዳይዛባ ይጠንቀቁ፤ የላኪና የተቀባይ መለያዎች እያንዳንዳቸው 15 ፊደል ስለሆኑ ያጠረው በባዶ ቦታ ይሞላ። የሴግመንቶች ብዛት ከተለወጠም በኤስኢ ውስጥ ያለውን ቁጥር ያስተካክሉ፤ አለዚያ ላይብረሪው በሌላ ምክንያት እምቢ ይልና ዋናው ስሕተት ይሰወርብዎታል። እንዲህ ያለው ፋይል ለላይብረሪው ባለቤቶች ጊትሃብ ላይ ስሕተት ለማመልከትም ያለ ሥጋት ይያያዛል። የፕሮግራምዎን ሎግም ይመልከቱ፤ ስሕተት በተፈጠረ ቁጥር ሙሉውን ሴግመንት የሚጽፍ ከሆነ፣ የሴግመንቱን ስምና የመስመር ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም፤ በሲያትል ታክሲ ነጂ ነኝ። ክሊኒኩ «ኢንሹራንስህ ይሠራል» ብሎኝ ከታከምሁ በኋላ ቢል መጣብኝ። ከመታከሜ በፊት ምን ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኢንሹራንስዎ ይሠራል መባሉ ክፍያውን በሙሉ ይሸፍናል ማለት አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ለክሊኒኩ የሚልከው መልስም ለመክፈል የተገባ ዋስትና አይደለም። ቀጠሮ ሲይዙ እነዚህን ይጠይቁ፦ ሐኪሙ በእኔ ፕላን ኔትወርክ ውስጥ ነው ወይ? ከዲደክተብሌ ስንት ይቀረኛል? ይህ ሕክምና ዲደክተብል ይመለከተዋል ወይስ ኮፔይ ብቻ ነው? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ? ክሊኒኩ ይህን ሁሉ ከኮምፒውተሩ ማየት ይችላል፤ «አክቲቭ ነህ» ብለው ቢያሳጥሩት ዝርዝሩን እንዲያነቡልዎት በትሕትና ይጠይቁ። በብዙ ፕላኖች ዲደክተብሉ በጃንዋሪ እንደ አዲስ ስለሚጀምር፣ ዲሴምበር ላይ የተነገረዎት ቁጥር ለጃንዋሪ ቀጠሮ አይሠራም። ቢሉ ከመጣ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ኢንሹራንሱ የላከልዎትን የክፍያ ማብራሪያ ደብዳቤ አጠገቡ አድርገው ያስተያዩት፤ በደብዳቤው ላይ «የእርስዎ ድርሻ» የተባለው መጠንና በቢሉ ላይ ያለው ካልተመሳሰሉ ሁለቱንም ይዘው ወደ ክሊኒኩ የቢሊንግ ክፍል ይሂዱ።